አንጀት አዳማጯ ሲስተር አስካለ

ሲስተር አስካለ ጎባን መልቀቋን የሰማሁት እሑድ ጠዋት፣ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ልብስ ሳጥብ ነው። ከጎባ የመጣ አንድ የአገሬ ልጅ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ የከተማውን ወሬ ይዘረግፍልኝ ጀመር። ዝናቡ መንገዱን እንዳበላሸው፣ የገብስ ዋጋ እንደወደቀ፣ የእከሌ ልጅ የእከሌን ልጅ እንዳገባ ነገረኝ። በመጨረሻ እንደ ተራ ነገር፣

"ያቺ አንጀት የምታዳምጠዋ ነርስ እኮ ሄደች" አለኝ።

"የት?"

"ብድሬ። አዲስ ጤና ጣቢያ ተከፍቶ ራሷ ጠይቃ ሄደች አሉ። የሸኛት ሰው ብዛት ትልቅ ሹም የሚሸኝ ነበር የሚመስለው።"

ሸሚዜን ከነሳሙናው ሳፋው ውስጥ ትቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ብድሬ ከጎባ ሩቅ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ ሰዎች የታመመ ዘመድ በቃሬዛ ተሸክመው ስንት ወንዝ እንደሚሻገሩ አውቃለሁ። ስለዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ለክረምት ዕረፍት ስመለስ በጎባ ሆስፒታል ረጅም ኮሪደር ውስጥ እንደማላገኛት ሳስብ ቅር አለኝ። ልብሱን አስጥቼ እንደጨረስኩ ወረቀት አውጥቼ ስለ እሷ መጻፍ ጀመርኩ። ዘንድሮ የመጀመሪያ ዓመት የሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ጽሑፌም ገና ጀማሪ ነው። የማውቀውን ግን በጥንቃቄ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ሲስተር አስካለ አጭርና ደንደን ያለች ሴት ናት። የጎባ ብርድ ስለማይምር ከነጩ የነርስ ልብሷ በላይ ክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ሹራብ ትደርባለች። ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው ጎባ የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ ግን እዚያው ተወልዳ ከሙስሊም ጎረቤቶቿ ልጆች ጋር ያደገች በመሆኗ ኦሮምኛዋ ከእናቷ ቋንቋ እኩል ነው። ነርስነቱን አዲስ አበባ ተምራ ተመልሳ መጣች። የመጀመሪያው ቀን "እርስዎ" ብዬ ስጠራት እንደ መቆጣት ብላ ተመለከተችኝ።

"አንቱ ስትለኝ ጉልበቴን ያመኛል። አንቺ በለኝ" አለችኝ።

ሌሎች ነርሶችና ሐኪሞች የማዳመጫውን ብረት ደረት ላይ ያደርጋሉ፤ እሷ የምትቸኩለው ወደ ሆድ ነው። ብረቱን መጀመሪያ ብብቷ ሥር ከትታ ታሞቀዋለች። "በቀዝቃዛ ብረት የደነገጠ አንጀት እውነቱን አይናገርም" ትላለች። ከዚያ ሆዱ ላይ አስቀምጣ ዓይኖቿን ትጨፍንና አንድ ጣቷን ወደ ላይ ትቀስራለች። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይላል። የሚያቃስተው እንኳ ማቃሰቱን ለጊዜው ያቆማል። አንድ ቀን ልብ ከማዳመጥ ይልቅ ለምን ሆድ እንደምታዳምጥ ጠየቅኳት።

"ልብ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደጋግመው" አለችኝ። "አንጀት ግን ወሬ አለው።"

ያገኘኋት በአባቴ ሕመም ምክንያት ነው። አባቴ ሐጂ ቃሲም በሮቤ ገበያ የእህል ነጋዴ ናቸው። ከንግዳቸው በላይ የሚታወቁት ግን በሽምግልናቸው ነው። የመሬት ጠብ ቢሆን፣ የጋብቻ ጠብ ቢሆን፣ ሐጂ ቃሲም ካልተቀመጡበት አይፈታም ይባላል። ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ሰው ፊት ሲያዛጉ እንኳ አይቼ አላውቅም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ሆዳቸው ከጠዋት ጀምሮ ያብጥ ጀመር። እስከ ቀትር ድረስ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ምንም አይወርድም፣ ምንም አይወጣም። አጎቴ ላንድሮቨር ካለው ነጋዴ ለምኖ ጎባ ወሰድናቸው። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን በእያንዳንዱ ጉድጓድ አባቴ "ያ ረቢ" ሲሉ አጎቴም እኔም እጃቸውን እንይዝ ነበር።

የሆስፒታሉ ዶክተር የውጭ አገር ሰው ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ሲስተር አስካለ ናት የምታስተረጉመው። ትልቁ አንጀት እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ራሱን አንቆ እንደነበር፣ ከፍተው እንደፈቱት፣ ጊዜው ሳያልፍ በመድረሳችን አላህን እንድናመሰግን ነገሩን። ዶክተሩ "እግዜር" ነበር ያሉት፤ ሲስተር ስታስተረጉም "አላህ" አለችው።

አባቴ ሲነቁ በአፍንጫቸው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ገብቶ፣ በክንዳቸው ግሉኮስ እየወረደ ነበር። በአፍ ምንም እንዳይገባ ተከለከለ። ውሃም፣ ሻይም።

"እስከ መቼ?" አልኳት።

"እስኪታረቅ" አለችኝ ሲስተር። "አንጀት ሲነኩት ያኮርፋል። ዶክተሩ በእጃቸው አገላብጠውታል፤ አሁን ዝም ብሎ ተኝቷል። ይህን ኩርፊያ ሽማግሌ አይፈታውም፤ ጊዜ ነው የሚፈታው። ትንሹ አንጀት ቶሎ ይታረቃል፤ ትልቁ መጨረሻ ላይ ነው። መታረቁን የምናውቀው ነፋስ ሲወጣ ነው። ነፋስ ከወጣ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው።"

ነፋስ ያለችው ምን እንደሆነ አንባቢ ይገባዋል። እኛ አገር ይህ ነገር ቀላል አይደለም። በሰው መሃል ያመለጠው ሰው ስሙ ከዚያ በኋላ ስም አይደለም፤ ልጆቹም በእሱ ይጠሩበታል። ሲስተር አስካለ ግን በየጠዋቱ ወደ ወንዶቹ ክፍል ስትገባ ሰላምታዋ ይኸው ነበር፤ "አካም ቡልተን? እንዴት አደራችሁ? ነፋስ የወጣለት አለ?" ከዚያ በየአልጋው እየዞረች ትጠይቃለች። ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ከአባቴ አልጋ በአንደኛው ጎን አቶ በቀለ የሚባሉ የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ተኝተው ነበር። ቡአ ተቀድደው ነው። በሌላው ጎን ፈረስ ረግጦት እግሩ የተሰበረ ኦቦ አልዬ የሚባል የዲንሾ ገብስ ገበሬ ነበር። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሲስተር አቶ በቀለ ዘንድ ስትደርስ አቶ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሲስተር፣ በተደጋጋሚ የተጠየቅሁበት ጉዳይ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ተፈጽሟል። ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፍልኝ" አሉ።

"ድምፅ ነበረው?" አለች ሲስተር፣ ፊቷ ሳይፈታ።

"ዝርዝሩ በቃል ይገለጻል።"

ኦቦ አልዬ የተሰበረ እግሩን እየደገፈ ሳቀ። ሲስተር ወዲያው ለአቶ በቀለ ስኳር የበዛበት ሻይ አስመጣችላቸው። ኦቦ አልዬ ሻዩን እያየ፣

"ኦቦ በቀለ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ወሬ የወጣበት ሰው ፈረሱን ጭኖ አገር ይለቃል። እርስዎ ግን ሻይ ተሸለሙ!" አለ።

"ሕግ ነው" አሉ አቶ በቀለ ሻዩን እፍ እያሉ። "የመሰከረ ይጠቀማል።"

አባቴ አልሳቁም። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ጣሪያውን ተመለከቱ። ሲስተር ስትጠይቃቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የለም ማለታቸው ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሲስተር የአባቴን ሙቀት ለመለካት መጥታ ሳለ አንድ ነገር ጠየቅኳት። ትምህርት ቤት አንጎል ሰውነትን ሁሉ ያዛል ተብለን ተምረን ነበር። ታዲያ አንጀት እንዴት በራሱ ያኮርፋል? ለምን አንጎል "ተነስ ሥራ" አይለውም?

ቴርሞሜትሩ እስኪደርስ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የአባቴን ጋቢ ጫፍ ያዘች።

"ይቅርታ ሐጂ፣ ለልጅዎ ጋቢዎን ላውሰው" አለች። "አየህ አህመድ፣ ጋቢው ድርብርብ ነው። የአንጀት ግድግዳም እንዲሁ ነው። ከውጭ በኩል በቁመቱ የሚሄድ ጡንቻ አለ። ከእሱ ሥር ደግሞ እንደ ቀለበት ዙሪያውን የሚከብ ጡንቻ። አሁን በእነዚህ በሁለቱ መሃል መረብ ዘርግተህ ሰፋኸው እንበል። የነርቭ መረብ ነው። ከጉሮሮ በታች ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ውስጥ ስትገባ፣ ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ሥር፣ አንጀቱ ላይ ሌላ መረብ ታገኛለህ። የመጀመሪያው መረብ ሥራው ማንቀሳቀስ ነው። የሁለተኛው ሥራ ምግቡን የሚፈጨው ፈሳሽ መቼ ይፍሰስ፣ ደም ወዴት ይብዛ የሚለው ነው።"

"በመረቡ ውስጥ ማን ነው የሚያዘው?"

"እዚያው ያሉት ናቸዋ። መረብ ቋጠሮ አለው አይደል? በየቋጠሮው የነርቭ ሴሎች ተሰብስበዋል። አንዱ ይሰማል፣ አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ያዛል። ተመልከት።" ከኪሷ የፋሻ ጥቅል አውጥታ የሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከተተችው። "ይህ ጉርሻ ነው። ያለበት ቦታ ግድግዳው ይለጠጣል። የሚሰማው ሴል ይሰማል፤ ለጎረቤቶቹ ያቀብላል። ከዚያ ከኋላው ያለው ይጠብቃል፣ ከፊቱ ያለው ይላላል።" በሌላ እጇ ከጥቅሉ ጀርባ ጨበጥ፣ ጨበጥ እያደረገች ፋሻውን ወደ ክርኗ ገፋችው። "በዚህ ሁሉ አንጎልን የጠየቀ የለም።"

"የእኔ ፈረስም እንዲሁ ነው?" አለ ኦቦ አልዬ ከአልጋው።

"ፈረሱም፣ በጉም፣ የሳነቴ ቀበሮም። ጡት የሚያጠባ እንስሳ ሁሉ እንዲሁ ነው።"

"ወላሂ እውነት ነው! ፈረስ ሆዱ ሲነፋ ጎኑ ላይ ጆሮአችንን እንለጥፋለን። ካጉረመረመ ይድናል እንላለን። ዝም ካለ ግን…" እጁን አወራጨ።

"ኦቦ አልዬ፣ ነርስ መሆን ነበረብህ" አለችው።

"ነጭ ቀሚስ ዲንሾ ላይ ይቆሽሽብኛል።"

እኔ ግን ገና አልጠገብኩም ነበር። አንጎል ጨርሶ ሥራ የለውም እንዴ አልኳት።

"አለው እንጂ። አንጎል አዲስ አበባ ነው በለው፤ አንጀት ደግሞ ባሌ። ከመሃል ባሌ ድረስ የስልክ ሽቦ አለ። 'ፍጠኑ' ይላል፣ 'ቆዩ' ይላል፤ ስትፈራ ሆድህን የሚቆርጥህ ለዚህ ነው። ከዚህም ወደዚያ ወሬ ይሄዳል። ግን ዝናብ ሽቦውን ቢቆርጠው የሮቤ ገበያ ሳይውል ይቀራል? አይቀርም። ሻጩም ገዢውም እዚሁ ነው።"

አቶ በቀለ ብርድ ልብሳቸውን ገፍተው ቀና አሉ። ግራና ቀኝ ተመለከቱ።

"ሲስተር፣ ጠቅላይ ግዛት ያለ መሃል ይተዳደራል እያልሽ ነው? ቀስ ብለሽ ተናገሪ እንጂ!"

"ስለ አንጀት ነው የማወራው፣ አቶ በቀለ።"

"እሱም ቢሆን።"

ሁሉም ሳቀ። ሲስተር ቴርሞሜትሩን ከአባቴ አውጥታ እያነበበች፣ ለእኔ ብቻ የምትናገር ይመስል ጨመረችልኝ።

"ሰው የሚያዝዝበት ሁለት በር ብቻ አለው። አንዱ አፍ ነው፤ መዋጥ የአንተ ፈንታ ነው። ከዋጥክ በኋላ ጉዳዩ ከእጅህ ወጥቷል። እንደገና የምታዝዘው የመጨረሻው በር ላይ ስትደርስ ነው።"

ዘንድሮ ላቦራቶሪ ውስጥ አስተማሪያችን የጥንቸል አንጀት ቁራጭ አሳዩን። ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ አየር እየተነፋለት ነበር። ከአንጎልም ከልብም የተለየ ያ ትንሽ ቁራጭ እየጠበበ፣ እየላላ፣ እንደገና እየጠበበ ይሠራ ነበር። ጓደኞቼ "እንዴ!" እያሉ ተጠጉ። እኔም ተጠጋሁ፤ ግን ያየሁት የተጣፈ ቡናማ እጅጌና በውስጡ የሚገፋ የፋሻ ጥቅል ነበር። አስተማሪው ማን ሊያብራራ ይችላል ብለው ሲጠይቁ እጄን አወጣሁ፤ ስለ ሁለቱ መረቦች ሳልሳሳት ተናገርኩ። የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ ጎባ፣ ከአባቴ አልጋ ጎን አልኳቸው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሌሎች በሽተኞች ሾርባ ሲጀምሩ አባቴ አልጀመሩም። ሲስተር በጠየቀች ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፤ የለም። ሆዳቸው መጀመሪያ ጎድሎ የነበረው እንደገና ትንሽ ትንሽ ይወጠር ጀመር። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። እኔ በጥጥ ውሃ እነካካላቸዋለሁ፤ ጥጡን ሊመጡት ሲሞክሩ አያለሁ። ሐጂ ቃሲም ጥጥ ለመምጠጥ ሲሞክሩ ማየት ከባድ ነበር።

አንድ ጠዋት ዶክተሩ ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው መረመሩ። ከዚያ ከሲስተር ጋር ኮሪደሩ ላይ ወጥተው በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። ተከትያቸው ወጣሁ። ሲስተር ስታየኝ አልደበቀችኝም።

"ድምፅ አለ" አለችኝ። "አንጀቱ ታርቋል፤ ይሠራል። ግን ነፋስ አይወጣም፤ ሆዱም እየተነፋ ነው። እየሠራ ካልወጣ መንገዱ አንድ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው። እንደገና ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል። ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ እንደገና እከፍታለሁ ብለዋል።"

"ይችላሉ? አባቴ ይችላሉ?"

አባቴ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደረታቸውን ይወጋቸው፣ ያስላቸው ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ማደንዘዣ መስጠት እንደሚያሰጋ ዶክተሩ ራሳቸው መናገራቸውን ነገረችኝ። ካልተከፈተና በእርግጥ ከተዘጋ ግን ጨርሶ ተስፋ የለም።

ገብቼ ለአባቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም ለእናቴ ምን እንደምል፣ ገበያ ላይ ስላለው ገብስ ለአጎቴ ምን እንደምነግር፣ ታናናሾቼን እንዴት እንደምይዝ እየቆጠሩ ነገሩኝ። ድምፃቸው እንደ ሽምግልና ቀን የረጋ ነበር። እኔ ግን ጭንቅላቴን ብቻ እየነቀነቅኩ አልሰማኋቸውም።

ሲስተር አስካለ መጥታ ከጎናቸው ቆመች።

"ሐጂ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቅዎት። እውነት ነፋስ አልወጣም?"

"ልጄ ቆሞ?" አሉ አባቴ።

"አህመድ፣ ውጣ" አለችኝ። ወጣሁ። በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ግን ይሰማኝ ነበር።

"አሁንስ ሐጂ?"

"አልኩሽ እኮ። ደግሞ ሐኪም በመሣሪያው አይቶ ይወስናል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ከሽማግሌ አፍ ይጠየቃል?"

"ለዚህ መሣሪያ የለንም። መሣሪያችን የእርስዎ ቃል ነው።"

"እንግዲያው ቃሌን ሰምተሻል።"

ሲስተር ወጥታ በአጠገቤ አለፈች። ፊቷ ተጨንቆ ነበር። የቀዶ ጥገናው ክፍል እየተዘጋጀ ነበር፤ ከውስጥ የብረት ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል።

የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር ሰዓት ደረሰ። አባቴ ከተኙ ጀምሮ በውሃ መታጠብ ስላልቻሉ በአፈር ነበር ተየሙም የሚያደርጉት፤ ከግቢው ንጹሕ አፈር በቆርቆሮ ሳህን አምጥቼ አልጋቸው ሥር አስቀምጬላቸዋለሁ። ሳህኑን አቀረብኩላቸው። እጃቸውን አፈሩ ላይ መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ፤ ከዚያ እንደተኙ በራሳቸው ምልክት ሶላት ጀመሩ። ሲስተር በዚህ ጊዜ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚሰጠውን መርፌ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ሲሰግዱ ስታይ አልገባችም። መርፌውን በትሪው ላይ እንደያዘች ቆመች።

አባቴ ከሶላቱ መሃል ላይ ቆም አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይመለከቱ በለሆሳስ፣

"ሳህኑን አምጣ" አሉኝ።

ሳህኑን ሰጠኋቸው። እንደገና አፈሩን መቱ፣ እንደገና ፊታቸውን አበሱ፣ ሶላቱንም ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ ደክመው ረስተው ነው ብዬ አሰብኩ። ወደ በሩ ስመለከት የሲስተር ፊት ተለውጧል። ትሪውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች።

እስኪጨርሱ ጠበቀች። በቀኝና በግራ ሰላምታ ሰጥተው ዱዓቸውን ጨርሰው እጃቸውን ፊታቸው ላይ እስኪያሳርፉ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ መጥታ ወንበር ስባ፣ ፊቷ ከፊታቸው እኩል እስኪሆን ዝቅ ብላ ተቀመጠች። የምትናገረው በኦሮምኛ ነበር፤ አቶ በቀለ እንዳይሰሙ ይመስለኛል፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼ ጻፍኩት።

"ሐጂ፣ እኔ ያደግኩት ከሙስሊም ጎረቤት አጥር ሥር ነው። ሶላት መሃል ላይ ውዱእ፣ የታጠቡት ንጽሕና፣ የሚፈርሰው በምን እንደሆነ አውቃለሁ።"

አባቴ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

"ለእኔ 'የለም' ቢሉኝ አልቀየምም። እኔ የሰው ልጅ ነኝ፤ ደግሞ ሴት ነኝ። ግን አሁን ሳህኑን ሁለተኛ ያስመጡት ለእኔ ብለው አይደለም።"

"ዝም በይ" አሉ አባቴ ቀስ ብለው።

"ዝም ብል እንደገና ይከፈታሉ። ደህናውን አንጀትዎን ሊፈትሹ ዶክተሩ ይከፍቱዎታል። ደረትዎ አይችልም። የሐጂ ቃሲምን ልጅ አባት የሚያሳጣው በሽታ ከሆነ ምን ይደረጋል፤ ግን ይሉኝታ ከሆነስ?"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ንዴት አልነበረም፤ እንደዚያ ዓይነት ፊት በእሳቸው ላይ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሽምግልና ላይ ጥፋተኛው ጥፋቱን ሊያምን ሲል የሚያሳየው ፊት ነበር።

"ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው" አሉ። "ሌሊት ሰው ሲተኛ ትንሽ ትንሽ። ቀን ቀን… እይዘዋለሁ።"

ሲስተር አስካለ ዓይኗን ጨፈነች።

"አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ያቺ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ሴት።

ብድግ ብላ ኮሪደሩን በሩጫ ሄደች። ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ዶክተሩ እጃቸውን ታጥበው፣ ክንዳቸው ውሃ እያንጠባጠበ መጡ። አባቴን ቁልቁል አይተው በዚያች ጥቂት አማርኛቸው፣

"አባባ፣ ነፋስ?" አሉ።

አቶ በቀለ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። ኦቦ አልዬ ያላየ ለመምሰል የራሱን እግር ይመረምር ጀመር። አባቴ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና ለማለት ሞከሩ።

"ወጥቷል" አሉ፣ የሽምግልና ፍርድ በሚናገሩበት ድምፅ። "እንዲያውም አሁን ከፈቀዳችሁልኝ ይወጣል።"

"ይፈቀዳል!" አሉ አቶ በቀለ።

ኦቦ አልዬ ለክብራቸው ሲል ድምፁን ለመሸፈን በኃይል ማሳል ጀመረ። ሳሉ ግን አልሸፈነውም። ዶክተሩ እየሳቁ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረጉና ሄዱ። ተወጥሮ የነበረው ሆድ እስከ ምሽት ድረስ ጎደለ። በአፍንጫቸው የነበረው ቱቦ ወጣ። ሲስተር የመጀመሪያውን ሻይ ራሷ በማንኪያ ስትሰጣቸው አባቴ አንዴ ቀምሰው ቆም አሉ።

"ለዚህች ነው እንዴ ይህን ያህል ያስጠማችሁኝ?"

"ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ከትናንት ወዲያ ይጠጡ ነበር፣ ሐጂ።"

"ከትናንት ወዲያ ሴት ነበርሽ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ሐኪም ነሽ" አሉና አፋቸውን ለማንኪያው ከፈቱ።

ይህን ጽሑፍ ለሰው ከማሳየቴ በፊት ሮቤ ለሚኖሩት አባቴ በሰው ልኬ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። በማፈር ይከለክሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የላኩት መልስ ግን "ይጻፈው፤ ስሜን ብቻ ይቀይርልኝ" የሚል ነበር። ቀይሬያለሁ።

ያለፈው ዕረፍት ሮቤ ሳለሁ አንድ የአባቴ ወዳጅ ቡአ ተቀድዶ ጎባ ተኝቶ ነበር። አባቴ ሊጠይቁት ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ክፍሉ እንደገባን አባቴ ሚስቱንም፣ ልጆቹንም፣ እኔንም ውጡ አሉን፤ የሽምግልና ምሥጢር ያለ መስሏቸው ሁሉም ተነስተው ወጡ። በሩ ሥር ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ የአባቴ የረጋ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ቀጥሎ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ወላሂ፣ እኔም ደብቄ ነበር" ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያ በሽተኛው ሳቅ አመለጠው፤ አባቴም አብረውት ሳቁ፤ ሁለቱም እንደ ልጆች ማቆም አቃታቸው።

"ቀስ፣ ቀስ" ይሉት ነበር አባቴ በሳቅ መሃል፤ "ስፌቱ!"